ወራሹ ምን ሆነ? ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ዘመናት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜን ለታሪክ መስጠት ቀላል አይደለም። ሌሊቱን ሥራ አድሮ የመጣ አለ፣ ልጅ ታቅፋ የመጣች አለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙዎቻችሁ ለዜግነት ፈተናው እየተዘጋጃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። 24 ጥያቄ፣ 45 ደቂቃ፣ ለማለፍ ደግሞ 18 መመለስ። ከዚያ ሁሉ ሰውን የሚያማርረው የነገሥታቱ ነገር ነው። ኖርማን፣ ፕላንታጀኔት፣ ላንካስተር፣ ዮርክ፣ ቱዶር፣ ስቱዋርት፣ ሃኖቨር፣ ዊንዘር። አንዱ ሄንሪ ሲሄድ ሌላ ሄንሪ ይመጣል። ኤድዋርዱና ጆርጁማ አይወራም።

አዘጋጆቹ «በቅደም ተከተል አስረዳልን» ብለውኛል። ዝርዝሩ ግን መጽሐፋችሁ ላይ አለ፤ እሱን ላነብላችሁ አልመጣሁም። አንድ ጥያቄ ነው የማስይዛችሁ። የዘመኑ ስም በተቀየረ ቁጥር «ወራሹ ምን ሆነ?» በሉ። ንጉሡ ልጅ አልነበረውም? ልጁ ሞተበት? ወይስ የልጁ ሃይማኖት አልተወደደም? መልሱን ካገኛችሁ ዓመቱ ራሱ ይያዝላችኋል። ቀጥላችሁ «ታዲያ ተተኪውን ማን ወሰነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእኔ የዚህ አገር ታሪክ ያለው እዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ፈተናው ላይም የሚመጡት እንደዚያው ነው።

ከ1066 እንነሳ። ከዚያ በፊት እንግሊዝ ንጉሥ አልነበራትም ማለት አይደለም። ታላቁ አልፍሬድ ነበረ፣ ከዴንማርክ የመጣው ክኑት ነበረ። ግን ፈተናውም አገሬውም ቆጠራውን የሚጀምሩት ከ1066 ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ንጉሥ ኤድዋርድ ሞተ። ጸሎተኛ ሰው ነበር ይባላል፤ ልጅ ግን አልነበረውም። ወዲያው ሦስት ሰው ዘውዱ የእኔ ነው አለ፤ የአገሩ መኳንንት ሃሮልድ፣ የኖርዌይ ንጉሥ፣ ከባሕር ማዶ ደግሞ የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም።

ሃሮልድ አሳዛኝ ሰው ነው። መስከረም 25 ቀን ሰሜን ላይ፣ ዮርክ አጠገብ፣ የኖርዌዩን ንጉሥ ገጥሞ ገደለው። ድሉን ሳያጣጥም ዊልያም በደቡብ በኩል ከመርከብ ወረደ። የደከመ ሠራዊቱን ይዞ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ወረደ። ጥቅምት 14 ቀን ሄስቲንግስ ላይ ተዋግቶ ወደቀ። ዊልያም የገና ዕለት ዌስትሚንስተር ውስጥ ዘውድ ጫነ። ውስጥ ያለው ሕዝብ «ይሁንልን» ብሎ ሲጮኽ፣ ደጅ የቆሙት ጠባቂዎች አመፅ የተነሣ መስሏቸው በአካባቢው ያሉትን ቤቶች በእሳት ለኮሱ። የኖርማኖች ዘመን የተጀመረው በጭስ መካከል ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1086 ዊልያም የአገሩን መሬትና ሀብት አስቆጠረ። በዘመኑ የጻፈው እንግሊዛዊ ታሪክ ጸሐፊ «አንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ አንድ አሳማ እንኳ አልቀረም» ብሎ በምሬት ጽፏል።

እስቲ ጥያቄያችንን እናንሣ። ተተኪውን ማን ወሰነ? ሰይፍ።

የኖርማኖቹ ዘመን ያለቀበትን ምክንያት ሰው ብዙ አያወራውም፤ እኔ ግን ትንሽ ልቆይበት። የዊልያም ልጅ ቀዳማዊ ሄንሪ ከጋብቻ ውጭ ከሃያ በላይ ልጆች ነበሩት። በሕግ ከሚስቱ የተወለደ ወንድ ልጅ ግን አንድ ብቻ ነው። ኅዳር 25 ቀን 1120 ማታ ያ ልጅ ከኖርማንዲ ወደ እንግሊዝ ሊሻገር «ነጩ መርከብ» ላይ ተሳፈረ። መርከቧ አዲስ ናት፣ ተሳፋሪዎቹ የመኳንንት ልጆች ናቸው፣ ወይን ጠጁም እንደ ልብ ነው። መርከበኞቹ ሳይቀሩ ጠጥተዋል። ገና ከወደቡ ሳይርቁ ከድንጋይ ጋር ተላትመው ሰጠሙ። ሦስት መቶ ያህል ሰው አለቀ። በሕይወት ተረፈ የሚባለው አንድ የሩዋን ሥጋ ሻጭ ነው። አልጋ ወራሹ ጠፍቶ ሉካንዳ ቤት ያለው ሰው ተረፈ።

የንጉሡ የእኅት ልጅ ስቲቨንም መርከቧ ላይ ወጥቶ ነበር። ሆዱን ቆረጠውና ወረደ ይባላል። ይህን ስሙን ያዙልኝ።

ሄንሪ ከዚያ በኋላ ሴት ልጁን ማቲልዳን አልጋ ወራሽ አደረገ። መኳንንቱንም አስማለ። በ1135 ሲሞት ግን መሐላው እንደ ጉም በነነ፤ ስቲቨን ፈጥኖ ዘውዱን ጫነ። «ሴት አትገዛንም» ያለው ብዙ ነው። አገሩ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ እርስ በርስ ተላለቀ፤ የእኛን ዘመነ መሳፍንት የሚያውቅ ሰው ሲያነበው እንግዳ አይሆንበትም። በ1142 ክረምት ማቲልዳ ኦክስፎርድ ምሽግ ውስጥ ተከበበች። ከበረዶው ጋር እንድትመሳሰል ነጭ ለብሳ፣ በሌሊት፣ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ ተራምዳ አመለጠች። ራሷ አልነገሠችም። በመጨረሻ ግን ተደራደሩ፤ ስቲቨን እስኪሞት ይግዛ፣ ከእሱ በኋላ የማቲልዳ ልጅ ይንገሥ። በ1154 ዳግማዊ ሄንሪ ነገሠ፤ የፕላንታጀኔት ዘመን ተጀመረ።

ፕላንታጀኔቶች ረጅሞቹ ናቸው፤ እስከ 1485 ድረስ 331 ዓመት። እዚህ ውስጥ ሊቀ ጳጳስ ቤኬት ካቴድራሉ ውስጥ ተገድሏል፣ ከፈረንሳይ ጋር የመቶ ዓመቱ ጦርነት ተካሂዷል፣ ወረርሽኝ አገር ጨርሷል። በፍጥነት አልፈዋለሁ። 1215ን ግን አትርሱ። ንጉሥ ጆን ግብር አበዛ፣ ፈረንሳይ ያለውን ርስት አስበላ፣ መኳንንቱ አመፁበት። ቴምዝ ዳር ራኒሚድ በሚባል ሜዳ ማግና ካርታ ላይ ማኅተሙን እንዲያሳርፍ አስገደዱት። ንጉሡ ራሱ ከሕግ በታች ነው የሚለው ሐሳብ በወረቀት ሰፈረ። ጆን በሳምንታት ውስጥ ሊሽረው ሞክሯል። ወረቀቱ ግን ከእሱ ዕድሜ በለጠ።

አሁን ብዙ ሰው የሚምታታበት ጋ ደረስን። ላንካስተርና ዮርክ ሌላ ዘር አይደሉም። ሁለቱም ፕላንታጀኔት ናቸው፣ የአንድ አያት ልጆች። በ1399 ዳግማዊ ሪቻርድን የአጎቱ ልጅ ሄንሪ ከዙፋኑ አወረደው። ያ ሰው ላንካስተር ነው። መንገዱን ከፈተ። የገዛ ዘመድን አውርዶ መንገሥ ከተቻለ ሌላውስ ምን ይከለክለዋል? የልጅ ልጁ ሄንሪ ስድስተኛው ደግሞ የዘጠኝ ወር ሕፃን ሆኖ ነው የነገሠው። ሲያድግም ለዙፋን የሚሆን ሰው አልወጣውም። በ1455 ጦርነቱ ፈነዳ። ዮርኮች ነጭ ጽጌረዳ፣ ላንካስተሮች ቀይ ጽጌረዳ እየተባሉ ሠላሳ ዓመት ተፋጁ።

በ1483 የዮርኩ ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛው ሞቶ የ12 ዓመት ልጁ ተተካ። የልጁ አጎት ሪቻርድ «ሞግዚት ነኝ» አለ። ልጁንና ታናሽ ወንድሙን የለንደን ግንብ አስገባቸው። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። አጎትየው ሪቻርድ ሦስተኛው ተብሎ ነገሠ። ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። ነሐሴ 22 ቀን 1485 ቦስወርዝ ሜዳ ላይ ሄንሪ ቱዶር ገጠመውና በውጊያው መሐል ተገደለ።

የሪቻርድ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። መቃብሩ ጠፍቶ አምስት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2012 ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥር አፅሙ ተገኘ። የጀርባ አጥንቱ የተጣመመ ነው፤ ጠላቶቹ በጉብጠቱ ሲዘባበቱበት የነበረው ከነአካቴው ፈጠራ አልነበረም፣ ቢያጋንኑትም። ማንነቱን ያረጋገጡት ከእኅቱ ዘር በሚወለድ፣ ለንደን በሚኖር አንድ የእንጨት ሠራተኛ ዲኤንኤ ነው። በ2015 በክብር ሲቀበር የሬሳ ሳጥኑን የሠራውም ያው ዘመዱ ነው። ይህን የመሰለ ነገር ማን አስቦ ይጽፈዋል?

ቱዶሮች። ይህን ዘመን ሁላችሁም ትወዱታላችሁ። ሄንሪ ሰባተኛው የዮርኳን ኤልሳቤጥ አገባና ሁለቱን ጽጌረዳዎች አጋባ። ልጁ ሄንሪ ስምንተኛው ያን ሁሉ ጉድ የሠራው ለምን ይመስላችኋል? «ሴት አውል» ብላችሁ አትለፉት። የአባቱ ዙፋን ገና ትኩስ ነበር። ወንድ ልጅ ሳይተካ ቢሞት የእርስ በርሱ ጦርነት ይመለሳል የሚል ፍርሃት ነበረበት። የአራጎኗ ካትሪን ማርያምን ብቻ አሳደገችለት። የሮማው ጳጳስ ፍቺውን አልፈቅድም ሲሉት፣ በ1534 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ እኔ ነኝ ብሎ ከሮማ ተለየ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ንጉሥ የሚጠራባት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለተኛዋ አን ቦሊን ኤልሳቤጥን ወለደች፤ ሴት። በ1536 አንገቷ ተቀላ። ሦስተኛዋ ጄን ሲሞር ወንዱን ወልዳ በአራስ ቤት ሞተች። አራተኛዋን ፈታት፣ አምስተኛዋን ሰየፋት፣ ስድስተኛዋ ቀበረችው። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰለት ልጅ ኤድዋርድ በዘጠኝ ዓመቱ ነግሦ በ15 ዓመቱ ሞተ። አያችሁ? ከእሱ በኋላ ጄን ግሬይን ዘጠኝ ቀን አነገሡና ጣሏት፣ ማርያም አምስት ዓመት ገዛች። ከዚያ ያቺ «ሴት ሆነች» ተብሎ የታዘነባት ኤልሳቤጥ 44 ዓመት ገዛች። ከቱዶሮች ሁሉ ስሟ የሚነሣው የእሷ ነው።

እሷም አላገባችም፣ አልወለደችም። መጋቢት 24 ቀን 1603 ሌሊት ሪችመንድ ላይ አረፈች። ሮበርት ኬሪ የሚባል መኳንንት ፈረስ እየቀያየረ ወደ ስኮትላንድ ጋለበ። በመንገድ ወድቆ ፈረሱ ራሱን ረግጦታል። በሦስተኛው ቀን ማታ ደም እየፈሰሰው ኤድንብራ ደርሶ የስኮትላንዱን ንጉሥ ጄምስን ከመኝታው አስነሥቶ «ንጉሥ ሆነሃል» አለው። የጄምስ እናት የስኮትላንዷ ማርያም ናት፤ ኤልሳቤጥ በ1587 ያስገደለቻት። የገዳዩዋን ዙፋን የተገዳዩዋ ልጅ ወረሰ። ጦርነት ሳይኖር፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በምስጢር ደብዳቤ አስቀድሞ ያለቀ ጉዳይ ነበር። ስቱዋርቶች የገቡት እንዲህ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል በአገራችን። ጄምስም ልጁ ቀዳማዊ ቻርልስም ይህን ተረት ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። ሥዩመ እግዚአብሔር ነን ባዮች ነበሩ። ቻርልስ ያለ ፓርላማ 11 ዓመት ገዛ፣ ኋላ ገንዘብ ሲቸግረው ጠራቸውና ተጣሉ፣ ነገሩ ጦርነት ሆነ። ተሸነፈ። እንግሊዞችም ንጉሡን ከሰሱት! ዌስትሚንስተር አዳራሽ አቆሙት። «በምን ሥልጣን?» አላቸው፤ ለክሱ መልስ አልሰጥም አለ። የሞት ፍርዱ ላይ 59 ሰው ፈረመ። ጥር 30 ቀን 1649 ለንደን ብርድ ነበር። ቻርልስ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ለበሰ፤ ብርዱ ቢያንቀጠቅጠኝ የፈራሁ ይመስላቸዋል ብሎ። ኋይትሆል ያለው የግብር አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ ከዚያ መስኮት ነው ወጥቶ ወደ መሰየፊያው የሄደው። በአውቶቡስ ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩት።

11 ዓመት አገሩ ያለ ንጉሥ ኖረ። የፓርላማው ጦር መሪ የነበረው ክሮምዌል «ጌታ ጠባቂ» ተብሎ ገዛ፤ ስሙ ነው እንጂ ሥልጣኑ ከንጉሥ አያንስም። ከሞተ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ፤ በ1660 ዳግማዊ ቻርልስን ከስደት ጠርተው አነገሡ። የክሮምዌልን ሬሳም ከመቃብር አውጥተው ሰቀሉት።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። የዳግማዊ ቻርልስ ወንድምና ተተኪ ዳግማዊ ጄምስ ካቶሊክ ነበር። ሴት ልጆቹ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ አገሩ «ይለፍ» ብሎ ታግሦት ነበር። ሰኔ 1688 ላይ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ለሌላ ንጉሥ እልል የሚያስብል ዜና ጄምስን ከዙፋኑ አወረደው። ሕፃኑ ካቶሊክ ሆኖ ሊያድግ ነዋ! የእሱ አይደለም፣ በአልጋ ማሞቂያ መጥበሻ ደብቀው አስገብተውት ነው የሚል ሐሜት ሁሉ ተነዛ። መኳንንቱ የጄምስን የልጁን ባል፣ የሆላንዱን ዊልያምን፣ ጠሩ። ዊልያም ኅዳር ላይ ከነጦሩ ወረደ፤ ጄምስ ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። በ1689 የመብቶች ሕግ ወጣ። ንጉሥ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ሕግ አያግድም፣ ግብር አይጥልም፣ በሰላም ጊዜ ጦር አያቆምም።

የስቱዋርቶቹን መጨረሻ ሳነብ ሁልጊዜ ሆዴን የምትበላኝ የዳግማዊ ጄምስ ልጅ ንግሥት አን ናት። 17 ጊዜ አርግዛለች። አብዛኛው ጨነገፈ፣ ወይም ሞቶ ተወለደ፣ ወይም በጨቅላነቱ ሞተ። ከፍ ያለላት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም በ1700፣ 11 ዓመት ሞልቶት ጥቂት ቀን ሳይቆይ ሞተ። ፓርላማው እናቲቱ ገና ሳትነግሥ ተቀምጦ አሰላ። በ1701 ሕግ አወጣ፤ ዘውዱ ለፕሮቴስታንት ብቻ። በሥጋ ዝምድና የሚቀርቡ ከ50 በላይ ካቶሊኮች ታልፈው ጀርመን አገር፣ ሃኖቨር፣ የምትኖር የቀዳማዊ ጄምስ የልጅ ልጅ ሶፊያ ወራሽ ተባለች። ሶፊያ አሮጊት ናት፤ በ1714 ከአን ሁለት ወር ለማይሞላ ጊዜ ቀድማ አረፈች። አን ስትሞት የሶፊያ ልጅ ጆርጅ መጣ። እንግሊዝኛው የይድረስ ነበር።

«ተተኪውን ማን ወሰነ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ ወዲያ መልሱ አልተቀየረም። በሕግ አንቀጽ ፓርላማው ወሰነ። ስለ 1066 የሚጠይቃችሁ ሞልቷል፤ እኔ ግን ልጄን አንድ ዓመት ብቻ ያዝ ብለው 1701ን ነው የማስይዘው።

የጆርጆች ዘመን አራት ጆርጅ በተከታታይ ነው፤ ከ1714 እስከ 1830። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው ዋልፖል ከ1721 ጀምሮ ሥራውን ይዟል፤ ንጉሡ ባዕድ መሆኑ ለሚኒስትሮቹ ተመቻቸው። ሦስተኛው ጆርጅ አሜሪካን አጣ፣ በመጨረሻም አእምሮው ታመመ፤ ከ1811 እስከ 1820 ልጁ እንደራሴ ሆኖ ገዛ። የእንደራሴው አንድያ ልጅ ሻርሎት በ1817 በወሊድ ሞተች። ያኔ ቤተ መንግሥቱ ተደናገጠ። የጆርጅ ሦስተኛው ወንዶች ልጆች ብዙ ናቸው፣ በሕግ የተወለደ ወራሽ ያለው ግን አልነበረም። በስተርጅና ለጋብቻ ተሽቀዳደሙ። ከዚያ ሩጫ የተገኘችው ልጅ ግንቦት 1819 የተወለደችው ቪክቶሪያ ናት። በ18 ዓመቷ፣ በ1837 ነገሠች። ሃኖቨር ሴት አያነግሥምና ያኛው ዙፋን ለአጎቷ ሄደ።

በቪክቶሪያ ዘመን የእኛ ታሪክ ከእነሱ ጋር ተጋጨ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 የላኩት ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ቆንስሉን አሰሩ፤ ጦር መጣ፤ በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሰባት ዓመቱን ልጃቸውን አለማየሁን ወደዚህ አመጡት። እናቱ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። ቪክቶሪያ ልጁን ትወደው ነበር፣ በማስታወሻዋም ጽፋለች። በ18 ዓመቱ፣ በ1879 ሊድስ ላይ ሲሞት እሷ ባለችው ዊንዘር ተቀበረ። የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ናስ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» ይላል። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ በ2023 «ሌሎቹን መቃብሮች ሳይነካኩ ማውጣት አይቻልም» አለ። ሪቻርድን ከአስፋልት ሥር ያወጣ አገር ነው ይህን የሚለው። በዚህ ጉዳይ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ መመለስ አለበት ባይ ነኝ።

ቪክቶሪያ ጀርመናዊውን አልበርትን ስላገባች ልጇ ኤድዋርድ ሰባተኛው በ1901 ሲነግሥ የሥርወ መንግሥቱ ስም በአባቱ ሳክስ ኮበርግ ጎታ ሆነ። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1917 ለንደንን የሚደበድበው የጀርመን አውሮፕላን ስሙ ማን ይመስላችኋል? ጎታ! የንጉሡም ስም ጎታ፣ የቦምብ ጣዩም ስም ጎታ። ጆርጅ አምስተኛው በሐምሌ ወር ስሙን አስቀየረና ከቤተ መንግሥቱ ስም ወስዶ ዊንዘር አለው። ይህ የስም ለውጥ ወራሽ ጠፍቶ የተደረገ አይደለም፤ ሕዝብን ፈርቶ የተደረገ ነው።

በ1936 ኤድዋርድ ስምንተኛው ሁለት ጊዜ የፈታች አሜሪካዊት ላግባ ብሎ መንግሥቱ አይሆንም ሲለው፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ዙፋኑን ለወንድሙ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ጃንሆይ ዙፋናቸውን በጣሊያን ተነጥቀው ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። የወንድምየው ልጅ ዳግማዊት ኤልሳቤጥ 70 ዓመት ገዛች፤ በ1965 አዲስ አበባም መጥታ ነበር። ከ2022 ጀምሮ ሣልሳዊ ቻርልስ አለ። አባቱ ሌላ ቤት ቢሆንም ስሙ ዊንዘር ሆኖ ቀርቷል።

አንድ የቅርብ ነገር ብዬ ላብቃ፤ ፈተና ላይ ባይመጣም። በ2013 ፓርላማው ወንድ ልጅ ታላቅ እኅቱን መቅደሙ ይቅር ብሎ ሕግ አወጣ። ሕጉ በሥራ ላይ እንዲውል ያኔ ንግሥቲቱን ይጋሩ የነበሩት 16 አገሮች ሁሉ መስማማት ነበረባቸው፤ በ2015 ጸና። የልዑል ዊልያም ልጅ ሻርሎት በዚያው ዓመት ተወለደች። በ2018 ወንድሟ ሉዊ ሲመጣ ተራዋ ንቅንቅ አላለም፤ ዛሬ እሷ ሦስተኛ፣ እሱ አራተኛ ነው። ማቲልዳን ከኦክስፎርድ በበረዶ ላይ ያስኬዳት ጉዳይ መልስ ያገኘው ስምንት መቶ ሰባ ዓመት ቆይቶ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። ሻይ ቡናው ከኋላ ነው፣ ልጆቹ እንዳይጨርሱት ግን ቶሎ እንበል።